ካርቡሬተሩ አማረ፣ ጋዙ ግን አልዘጋ አለ

ነገሩ የደረሰው አሜሪካ ውስጥ፣ ጥንታዊ ሞተር ብስክሌት በሚታደስበት አንድ ጋራዥ ነው። በፈረንጆቹ 1910ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ባለሁለት ሲሊንደር ሃርሊ ዴቪድሰን እድሳቱ አልቆ ለሙከራ በማቆሚያው ላይ ተሰቅሏል። ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ሼብለር ሞዴል ኤች፣ አካሉ ናስ፣ ሥሪቱም የኢንዲያናፖሊሱ ዊለር-ሼብለር ፋብሪካ ነው። ናሱን በኤሌክትሪክ ኒኬል ከሚያለብሰው ለባጭ የመጣው በዚያው ሳምንት ሲሆን ፊት ያሳያል። ሞተሩ ተረግጦ ተነሳ፤ ጋዝ ተሰጠው፤ መያዣው ወደ መዝጊያው ሲዞር ግን የስሮትሉ ዲስክ፣ በዘንግ ላይ እየዞረ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ድብልቅ የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ ግማሽ እንደተከፈተ ቀረ። በዚያ ዘመን ሃርሊ ላይ ስሮትሉን የሚመልስ ሞላ የለም፤ ያው ሽቦ ይስባል፣ ያው ሽቦ ይገፋል። ዘንጉ ነክሶ ስለያዘ ሽቦው ታጠፈ። ማቆሚያው ላይ መሆኑ በጀ እንጂ መንገድ ላይ ቢሆን ሰው ይጎዳ ነበር።

ካርቡሬተሩ ሲፈታ ምክንያቱ በማይክሮሜትር ታየ። ለባጩ የስሮትሉን ዘንግም አካሉንም ለብጧቸዋል። ኒኬል ቀለም አይደለም፤ በያዘው ቦታ ሁሉ ልክ የሚጨምር ብረት ነው። በካሬ ዴሲሜትር 1 አምፔር ቢሰጠው በሰዓት ወደ 12 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ይወፍራል። በ2 አምፔር ለ40 ደቂቃ የቆየ ዕቃ 16 ማይክሮን ያህል ይለብሳል ማለት ነው። በዘንግ ላይ ይህ ከሁለቱም ጎን ስለሚደመር ውፍረቱ በ32 ማይክሮን ያድጋል። እንዲህ ያለ ዘንግ በቀዳዳው ውስጥ ያለው ክፍተት ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 50 ማይክሮን ነው። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ጅረት ጠርዝ ይወዳል፤ የቀዳዳው አፍ ከጠፍጣፋው ገጽ እጥፍ ሊወፍር ይችላል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም አይደርሰውም። ስለዚህ የቀዳዳው መሀል በነበረበት ሆኖ አፉ ብቻ ከንፈር አበጅቶ ነበር። ሲገጠም በቀዝቃዛው ጥብቅ ብሎ ቢዞርም፣ ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ከንፈሩ ዘንጉን ያዘው።

የብሎን ጥርስ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በጥርሱ ጎን ላይ የተቀመጠ ኒኬል የጥርሱን የመሀል ዲያሜትር በልባጡ ውፍረት አራት እጥፍ ያሳድገዋል፤ 16 ማይክሮን የለበሰ ብሎን በ64 ማይክሮን ይወፍራል። ያንን በመፍቻ አስገድዶ ማስገባት መቶ ዓመት ያለፈውን የናስ ጥርስ መላጨት ነው። ቤንዚኑን የሚዘጋው መርፌ የሚያርፍበት መቀመጫም ጨርሶ ኒኬል ሊነካው አይገባም። መርፌው የሚዘጋው ክብ በክብ ሲነካ ብቻ ነው፤ በአንድ ጎን የተቀመጠች ትንሽ የኒኬል እህል ቤንዚን ታሾልካለች።

ሁለተኛው ችግር ሲፈታ ነው የተገኘው። ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገጣጠምበት ጠፍጣፋ ከንፈር፣ በፍላንጁ፣ አጠገብ ኒኬሉ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል፤ የተነሳው ግን ከናሱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ካለው ሌላ የኒኬል ሽፋን ላይ ነው። ይህ ምልክት ለሚያውቀው ግልጽ ነው፦ ዕቃው መታጠቢያው (የመለበጫው ፈሳሽ) ውስጥ እያለ ጅረቱ ተቋርጧል። ማንጠልጠያው ሽቦ ሲላላ ወይም የሽቦው ምልክት እንዳይቀር ተብሎ ቦታው ሲቀየር፣ የኒኬሉ ገጽ በደቂቃዎች ውስጥ ስስ ኦክሳይድ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሽፋን ላዩ ላይ ያርፋል እንጂ አይጣበቅም። ዕቃውን በሁለት ጠንካራ የመዳብ ሽቦ ማንጠልጠልና የአምፔር መለኪያውን መከታተል ይህን ያስቀራል። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ከወረደ ዕቃው ወጥቶ ኦክሳይዱ በአሲድ ተነስቶ ገጹ እንደገና መቀስቀስ አለበት።

ካርቡሬተሩ እንደገና እንዲለበጥ መጀመሪያ የተበላሸው ኒኬል መነሳት ነበረበት። ኒኬል ማንሳት ያስፈራል፣ ሊያስፈራም ይገባል። የተሠራበት መንገድ ዕቃውን ከፖዘቲቭ ጋር አያይዞ በጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በ6 ቮልት ማስወጣት ነው። ኒኬሉ ሲያልቅ አምፔሩ በግልጽ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ወዲያው ማውጣት ነው። ዕቃው ፍጹም ደረቅ ሆኖ መግባት አለበት፣ አሲዱ ከተዘጋጀበት ልክ በላይ በውሃ ከቀጠነ ናሱን ራሱን ይበላዋልና። አሲዱ ሲዘጋጅ የሚጨመረው አሲድ ወደ ውሃ ነው፤ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ማሳደርን ግን ማንም አይሞክረው። ዚንኩ ከናሱ ተመጥጦ ይወጣና እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ሮዝ መዳብ ይቀራል፤ ያ ካርቡሬተር ከዚያ በኋላ አይድንም። ለተራ ዝገትና ለደረቀ ቤንዚን 5 በመቶ የሲትሪክ አሲድ ለብ ባለ ውሃ ይበቃል።

በናሱ ውስጥ ያለው እርሳስና አሮጌ የስታኞ ጥገና ሌላ ፈተና ናቸው። ሰልፈሪክ አሲድ ሲነካቸው የማይሟሟ ነጭ ውህድ ይፈጥራሉ፤ ኒኬሉ በዚያ ቦታ ከሳምንታት በኋላ ፊኛ ይነፋል። መፍትሔው በ10 በመቶ ፍሎቦሪክ አሲድ ለጥቂት ሰከንዶች ማጥለቅ፣ ከዚያም በስሱ መዳብ መለበጥ ነው።

እንደገና ከመለበጡ በፊት የዘንጉ ቀዳዳ፣ የመርፌው መቀመጫና የጥርስ ቀዳዳዎቹ ሁሉ በጎማ መሰኪያ ተዘጉ፤ ለውጪው ጥርስ መከላከያ ላከር ተቀባ። ሻማ ቀልጦ መድፈን ርካሽ ይመስላል፣ ነገር ግን መታጠቢያው ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ላይ ስለሚሠራ ሰሙ ይለሰልስና ፈሳሹን ያበላሻል። ፈሳሹ በሊትር 280 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ 50 ግራም ኒኬል ክሎራይድ እና 40 ግራም ቦሪክ አሲድ አለው፤ ፒኤች 4 አካባቢ ነው። ቦሪክ አሲዱ ሲያንስ ጠርዞቹ ተቃጥለው ይጠቁራሉ። የአካሉ ስፋት 2.5 ካሬ ዴሲሜትር ሆኖ ስለተለካ 5 አምፔር ተሰጠው። ማንጸባረቂያ ኬሚካል አልተጨመረም፤ የዚያ ዘመን ኒኬል ከመታጠቢያው ደብዘዝ ብሎ ይወጣና በእጅ ይወለወል ነበር። ለስለስ ያለ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ብርሃኑ የሚያምረውም በዚህ ነው። ክሮም የመሰለ ካርቡሬተር በዚህ ሞተር ላይ ዘመኑን ይክዳል።

ውልወላው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መወልወያው ዲስክ የፍላንጁን ጠርዝ አክብቦት ስለነበር አየር ያስገባ ነበር፤ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በወፍራም መስታወት ላይ ተነጥፎ እስኪስተካከል ተፈተገ። በቀጫጭኑ የነዳጅ መንገዶች ውስጥ የደረቀው የመወልወያ ሰም ደግሞ በሙቅ ሳሙናማ ውሃ፣ በስስ የመዳብ ሽቦና በተጨመቀ አየር ወጣ። ዘንጉ ሳይለበጥ ቀረ፤ ከአካሉ ውስጥ ስለሚደበቅ አይታይም።

ከመገጠሙ በፊት የቤንዚኑን ደረጃ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ቡሽ ታየ። የቀድሞው ሽፋኑ ሼላክ የተባለ ቫርኒሽ ነው፤ ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ አብዛኛው 10 በመቶ ኢታኖል አለው። ሽፋኑ ሲለቅ ቡሹ ቤንዚን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ደረጃው ይወጣል፣ ካርቡሬተሩም ይፈስሳል። ቡሹ ደርቆ ተመዘነ፣ ኢታኖል የሚቋቋም የታንክ ማሸጊያ በስሱ ሁለት ጊዜ ተቀባ፣ ለአንድ ሌሊት ቤንዚን ውስጥ ተቀምጦ እንደገና ተመዘነ። ክብደቱ አልጨመረም። ከዚያ ዘንጉ ገባ፤ ሽቦው ከመያያዙ በፊት በጣት ብቻ ሲነካ ዲስኩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ተዘጋ፤ አካሉ በሙቅ አየር ከሞቀ በኋላም ያው ፍተሻ ተደገመ።