ከቴርሚኒ እስከ ላኑቪዮ፣ ጠርዟ የተሸረከተ ዲናር ይዤ

ባለፈው ግንቦት ከፍራንክፈርት ሮም የሄድኩት በአንዲት ሳንቲም ምክንያት ነው። 4 ግራም የማትሞላ የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲም ናት፣ ዲናር፣ ያው ወንጌሉ ላይ የወይን ቦታ ሠራተኞቹ ለቀን ሥራ የተስማሙባት ዲናር፣ የኔዋ ግን ከዛ ትቀድማለች፣ ሉክዮስ ሮስክዮስ ፋባቶስ የሚባል ሹም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ64 ያስመታት (በ59 ነው የሚሉም አሉ)። ጀርመን አገር ጨረታ ላይ በ130 ዩሮ ገዛኋት፣ ከነደረሰኟ።

ዘውዱ በኩል የፍየል ቆዳ ከነቀንዱ የደፋች ጁኖ የምትባል አምላካቸው አለች፣ ጎፈሩ በኩል ደሞ አንዲት ልጅ ቀጥ ብሎ የቆመ እባብ ስታበላ። ጠርዟ ዙሪያውን በመሮ የተሸረከተ ነው፣ ከመመታቷ በፊት አንድ በአንድ በእጅ። ድሮ ሰው ይሄ ውስጧ መዳብ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው ይል ነበር፣ ግን ጠርዛቸው ተሸርክቶም ውስጣቸው መዳብ የሆኑ ተገኝተዋል፣ ስለዚህ ያ መልስ አይሆንም።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ምልክቱ ነው። ከጁኖ ራስ ኋላ አንድ ትንሽ ዕቃ አለ፣ ከልጅቷ ኋላም ሌላ ዕቃ፣ ሁለቱ ሁሌ አብረው ነው የሚሄዱት። የዚህ ሹም ዲናሮች ላይ ከ200 በላይ እንዲህ ያለ ጥንድ ይታወቃል፣ ለአንዱ ምልክት በአብዛኛው አንድ ማኅተም (ሳንቲሙ የሚመታበት) ብቻ ነው የተቀረጸው፣ ስለዚህ አንዳንዱ ጥንድ እንደ ልብ ይገኛል አንዳንዱን ግን ዓመት ሙሉ ፈልጎ ማጣት አለ። የኔዋ ላይ የፊቱ ምልክት ሲመታ ወደ ጠርዝ ሸሽቶ ግማሹ ጠፍቷል፣ የጀርባውን ካወቅኩ ግን የፊቱንም አወቅኩ ማለት ነው፣ ችግሩ የጀርባው በእጅ ብዛት አልቋል።

ቴርሚኒ፣ የሮም ባቡር ጣቢያ፣ ጋሼ ተቀበሉኝ፣ የእናቴ ዘመድ ናቸው፣ ሮም 40 ዓመት ኖረዋል። ፓላትሶ ማሲሞ ሙዚየም ጣቢያው ፊት ለፊት ነው፣ አደባባዩን ስንሻገር ቆም አሉና «ስሙን ታውቂዋለሽ? የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ነው፣ ዶጋሊ ላይ አሉላ የጨረሷቸው» አሉኝ። በ1887 የሆነ ነው። ስንት ጊዜ እዛ አውቶቡስ ጠብቄያለሁ፣ ስሙ የኛ ታሪክ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሳንቲሞቹ ምድር ቤት ናቸው፣ በሩ እንደ ባንክ ካዝና ወፍራም ነው፣ መስታወቱ ላይ ቁልፍ ስትጫን ማጉያው በሳንቲሞቹ ላይ ይሄድልሃል። እንደ ሕፃን ነው የሆንኩት። ከዛ የንጉሡን ስብስብ አየሁ። ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ፣ በ1936 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብሎ የታወጀው ሰውዬ፣ ዕድሜውን ሙሉ የጣሊያን ሳንቲም ሰብሳቢ ነበር፣ ከ100,000 በላይ፣ 20 ቅጽ ካታሎግ አሳትሟል፣ በ1946 ከዙፋኑ ሲወርድ ስብስቡን ለአገሩ ተወ። ሆዴ ተገላበጠ። እኔ የምወደውን ነገር እኔ በምወደው ዓይነት የወደደ ሰው ነው፣ የአንዲት ሳንቲም ፊደል ሲለይ ዓይኑ የማይደክም፣ ግን በሱ ስም አያቶቻችን ላይ የተረጨውን መርዝ እንዴት አላየም? ጋሼ ዝም ብለው ትከሻዬን ያዙኝ።

የኔን ጥንድ እዛም አላገኘሁም።

በማግስቱ በጋሼ መኪና ላኑቪዮ ወጣን፣ ከሮም ወደ 30 ኪሎሜትር፣ የወይንና የወይራ ኮረብታ። የሹሙ አገር ነው፣ የእባቡም። በተወሰነ ቀን ልጃገረዶች ዓይናቸው ታስሮ ለእባቡ ምግብ ይዘው ዋሻው ውስጥ ይገቡ ነበር፣ ከበላላት ድንግል ናት፣ አዝመራውም ይሰምራል ይባል ነበር። በ2012 እዛው አካባቢ ፓንታናቺ የሚባል ቦታ ሕገወጥ ቆፋሪዎች ሲዘርፉት የነበረ ዋሻ ተይዟል፣ ውስጡ ለዚችው ለጁኖ የተሳለ የሸክላ እጅና እግር ምናምን ተገኘ። ሳንቲም ስገዛ ወረቀቱን አጥብቄ የምጠይቀው ለዚህ ነው፣ ወረቀት የሌለው ብርቅዬ ጥንድ በርካሽ ቀርቦልኝ ትቼ ሄጃለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል ግን አልገዛውም።

ላኑቪዮ ከጁኖ ቤተ መቅደስ የቀሩት ቅስቶች ጋ ተቀመጥን። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ሳንቲሟን በጣቶቼ ይዤ ወደ ጎን አዘነበልኳት፣ ብርሃኑ እንደ ምላጭ በላይዋ ሲያልፍ ከልጅቷ ኋላ የሆነ ጥላ ተነሳ፣ እጀታ፣ ከሥሩ ሆድ ያለው ነገር። «ጋሼ ይዩልኝ ይዩልኝ!» መነጽራቸውን አውጥተው ብዙ ቆዩ፣ «እንስራ አይደለም እንዴ? እጀታው አንድ ብቻ ነው» አሉ።

በስልኬ 41 ፎቶ አነሳሁ። አሁን አንድ እጀታ ያላቸውን ዕቃዎች በሙሉ ከታወቁት ጥንዶች ጋር እያስተያየሁ ነው፣ አራት ቀርተውኛል።