ያልታየ ቦታ ከአፍንጫ ይጀምራል

«በምናባችሁ አንድ ቦታ ፍጠሩና ጻፉ» የተባለ የሦስተኛ ወይም የአራተኛ ክፍል ተማሪ ብዙውን ጊዜ «በጣም ያምራል፤ ብዙ አበባ አለ፤ ደስ ይላል» ብሎ ይጨርሳል። ምናብ አጥቶ አይደለም። የሌለ ቦታ የሚሠራው ልጁ ከሚያውቀው ሽታ፣ ከለመደው ድምፅ፣ እጁ ከዳሰሰው ነገር ነው፤ እኛ መምህራን ግን ይህን ሳናስታውሰው በቀጥታ ወደ ደብተሩ እንሰደዋለን።

ለ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የሚበቃው ዝግጅት ቀላል ነው። ክዳን ያላቸው አምስት ትንንሽ ብልቃጦች ውስጣቸው እንዳይታይ በወረቀት ይጠቅለሉ። በአንዱ ጦስኝ፣ በሌላው የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ከዚያ ውሃ የነካው አፈር፣ የሎሚ ልጣጭ፣ በወይራ የታጠነ ጨርቅ። በርበሬና ሚጥሚጣ አይግቡ፤ ልጅ ወዲያው ዓይኑን ያሻል። ለውዝም አለርጂ ያለበት ልጅ ሊኖር ስለሚችል ይቅር።

ልጆቹን ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ብልቃጦቹን ለ10 ደቂቃ አዙሩ። «ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ስሙ ሲታወቅ ነገሩ ያበቃል። «የት ያላችሁ መሰላችሁ?» በሉ። «አፈር አፈር ይሸታል፤ አሁን ያባራ ይመስላል» ያለ ልጅ ቦታውን ጀምሮታል። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ለጓደኛው ያውራ፣ 15 ደቂቃ ይጻፍ፣ በቀረው ጊዜ ይነበብ። ማውራቱን አትዝለሉ፤ አውርቶ የጻፈ ልጅ የሚለው አያጣም።

አንድ ልጅ ከሐይቅ በታች ያለ ገበያ መረጠ እንበል። «ገበያው ትልቅ ነው። ብዙ ሰው አለ። በጣም ያምራል።» እዚህ ላይ «አሳምረህ ጻፍ» ማለት ምንም አይረዳውም። ውሃው ምን እንደሚለውጥ ጠይቁት፦ ሻጩ ሲጣራ እንዴት ይሰማል? ቀላል ዕቃ እንዴት ይቀመጣል? እግርህ ምን ይረግጣል? መልሱ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦ «ሻጮቹ ሲጣሩ ድምፃቸው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ቃሪያው እንዳይንሳፈፍ ድንጋይ ተጭኖበታል። ጭቃው በጣቶቼ መሃል ሾልኮ ይወጣል።» «ያምራል» የሚለው ቃል ማንም ሳይሰርዘው ራሱ ወጣ።

ብዙ መምህር የሚስተው አምስቱንም የስሜት ሕዋሳት ግዴታ ማድረጉ ላይ ነው። ያኔ «አየሁ፣ ሰማሁ፣ አሸተትኩ፣ ቀመስኩ» የሚል ዝርዝር ይመጣል፤ መቅመስ ስለታዘዘም ልጁ ግድግዳ ይልሳል። ሦስቱ ይበቃሉ፤ ማየት ደግሞ መጨረሻ ይምጣ፣ አለበለዚያ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። «ደወል ሰማሁ» ያለውን «ደወሉ ከጭቃው ስር ያቃጭላል» እንዲል አድርጉት፤ ደወሉ ራሱ ይሥራ።

በፊልም ያዩትን የከረሜላ ቤት የሚገለብጡም አሉ። አትከልክሉ። «ፀሐይ ሲወጣበት ምን ይሆናል? ዝንቡስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የሚያጣብቀው በር የእሱ የራሱ ይሆናል።

የሆሄ እርማት በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ፈጽሞ አይግባ። ደብተሩ በቀይ የተሞላበት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ መጻፍ የሚችላቸውን ቃላት ብቻ ይመርጣል፤ «ሾልኮ» ይቀርና «ወጣ» ይገባል። ሆሄውን በማግስቱ፣ ሲገለብጥ አርሙት።