የሮንዴላ አበባና የሰኞ ትኩሳት

የምሠራው ከመርካቶ፣ በተለይም ከምናለሽ ተራ፣ በሚሰበሰብ ውራጅ ብረት ለካፌና ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ጌጥ በሚያዘጋጅ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ባለፈው ክረምት የካፌ ባለቤት የሆኑ አንድ ደንበኛ ለየጠረጴዛው የሚቀመጥ፣ በስቲምፓንክ ስልት የተሠራ አበባ አዘዙን። ስቲምፓንክ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1987 ይሁን እንጂ መልኩን የወሰደው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ማሽኖች ነው። ናስና መዳብ፣ የሰዓት ጥርስ፣ ቧንቧና ቡሎን ሳይሸሸጉ እንደ ጌጥ የሚታዩበት ስልት ስለሆነ፣ ከምናለሽ ተራ የበለጠ የሚመቸው ገበያ ያለ አይመስለኝም።

አበባው የሚጀምረው ከመሐሉ ነው። ከአሮጌ የግድግዳ ሰዓት የወጣ የናስ ጥርስ ይመረጥና ከሥሩ ትንሽ ሞላ ይገባለታል፤ በዙሪያው ደግሞ ሮንዴላዎች፣ ማለትም ከቡሎን ሥር የሚገቡ መሐላቸው ክፍት የሆነ ክብ ብረቶች፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተደራረቡ የአበባውን ቅርጽ ያወጣሉ። ዘንጉ ከተበላሸ ማቀዝቀዣ የተፈታ የመዳብ ቱቦ ሲሆን፣ ከዘንጉ የሚወጡት ቅጠሎች ከጫማ ሠሪዎች ከሚተርፍ ቆዳ ይቆረጣሉ። ችግሩን ያመጣው ሮንዴላው ነበር። ብልጭ ብሎ አዲስ የሚመስለው ሮንዴላ ዝገት እንዳይነካው ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ግዢ የወጡት ባልደረቦቻችንም ለደንበኛው ደስ እንዲላቸው በማሰብ የሚያንጸባርቀውን እየመረጡ አምጥተው ነበር።

አለቃችን ማያያዣው ለዓይን እንዳይታይ ስለፈለጉ ሮንዴላዎቹ ከኋላ በኩል ነጥብ በነጥብ እንዲበየዱ፣ የብየዳው ጠባሳም በስቱኮ እንዲሸፈን ተወሰነ። ዝናቡ ስላላባራ ሥራው ከግቢ ወደ ውስጥ ገባ፣ በሩም ገርበብ ተደረገ። ሰኞ ዕለት ወጣቱ በያጅ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ሲበይድ ዋለ። ከኤሌክትሮዱ ጫፍ ወፍራም ነጭ ጭስ ይወጣ ነበር፤ የተበየደውም አበባ ሲቀዘቅዝ ጥጥ የመሰለ ነጭ ብናኝ ስለሚለብስ በብሩሽ እያራገፈ ይደረድረው ነበር። ሻይ ስንጠጣ «ጋሼ፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም የጎረስኩ ይመስለኛል፤ ሻዩም አልጣመኝም» አለኝ። በዚያ ሰዓት ጉዳዩን ከጭሱ ጋር ያያያዘው ማንም አልነበረም።

ማታ ሁለት ሰዓት ገደማ ደወለ። «ጋሼ፣ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገብቷል፤ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤም አልሞቅ አልኩ» ሲል ጥርሱ ሲንገጫገጭ በስልክ ይሰማ ነበር። ቅዳሜና እሁድን ዘመድ ሊጠይቅ ወርዶ መተሐራ ስለሰነበተ ሁላችንም የጠረጠርነው ወባን ነው፤ ወደ ክሊኒክ የወሰዱት የቤት ጓደኞቹም ያስመረመሩት ይህንኑ ነበር። በደሙ ውስጥ ግን ወባ አልተገኘም። የተረኛዋ ጤና መኮንን ለታይፎይድ ወደ ማስመርመር ከመሄዳቸው በፊት ቀና ብለው «ዛሬ ምን ስትሠራ ዋልክ?» ብለው ጠየቁት። ከዚያ በፊት ይህን ጥያቄ ያነሳለት ሰው አልነበረም፤ ለእኔ እንደሚመስለኝ ከምርመራው ሁሉ የበለጠው ይህ ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፣ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ብረት ግን እስኪቀልጥ ድረስ ወደ 1,500 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ለብየዳ በሚደርስበት ጊዜ ልባጩ ተንኖ ወጥቷል፤ ትነቱም ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ዚንክ ኦክሳይድ ይሆናል፣ ያ ነጭ ጭስና ያ ጥጥ መሳይ ብናኝም ይኸው ነው። ይህን ጭስ የሳበ ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቀዋል። ሰውነት ጭሱን በተከታታይ ቀናት ሲለምደው ሕመሙ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በዕረፍት ቀናት ግን ልማዱ ስለሚጠፋ ሰኞ እንደገና ይነሳል። በሌሎች አገሮች በያጆች «የሰኞ ትኩሳት» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ የመተሐራው ጉዞ በወባ ትንኝ ባይሆንም በዕረፍቱ በኩል ድርሻ ሳይኖረው አልቀረም።

ልጁ ረቡዕ ዕለት ደህና ሆኖ ተመለሰ። በእኛ አገር ጋራዦችና ቀለም ቤቶች እንደተለመደው አለቃችን ለበያጆች በየቀኑ ወተት እንዲገዛ አዘዙ። በወተቱ ላይ ተቃውሞ የለኝም፣ ገንቢ ምግብ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባን ጭስ ግን ሆድ የገባ ወተት አያጥበውም። በአፍና በአፍንጫ ላይ የሚታሰር ጨርቅም እንዲህ ያለውን ደቃቅ ጭስ አያስቀርም።

ይልቅ የተከራከርኩት ብየዳው ራሱ ለምን እንዳስፈለገ ነው። ደንበኛው የከፈሉት ቡሎኑ፣ ዳዶውና ሽቦው በግልጽ እንዲታይላቸው ሆኖ ሳለ፣ እኛ ሰው እያሳመምን የምንደብቀው የጌጡን ዋና ነገር ነበር። አለቃችን መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም አንድ ናሙና ሠርተን ስናሳያቸው ተቀበሉ። የእያንዳንዱ ሮንዴላ ጠርዝ በትራፓኖ ተበስቶ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ተሰፋ፤ የሰዓቱ ጥርስ፣ ሞላውና የሮንዴላው ድርድር በአንድ ረጅም ቡሎን ተወግተው ከኋላ በዳዶ ጠበቁ፤ የቆዳው ቅጠልም በሁለት ትናንሽ ሪቬት ተያዘ። ዳዶውን ትንሽ ላላ ሲያደርጉት የአበባው ዙሪያ ስለሚሽከረከር ደንበኛው ከሁሉ አስበልጠው የወደዱት ይህንኑ ነበር።

ብየዳ የቀረው ለመቆሚያው ብቻ ነው፤ እርሱም ልባጭ ከሌለው ጥቁር ብረት፣ በር ተከፍቶ ወይም ግቢ ተወጥቶ ይሠራል። የግድ መበየድ ያለበት ዚንክ ለበስ ዕቃ ከመጣ ከእሳት ርቆ፣ ክዳኑ ባልተገጠመ ዕቃ ውስጥ አቼቶ ላይ ያድራል፤ ዚንኩ አረፋ እያወጣ ይሟሟና ጠዋት የብረቱ ግራጫ መልክ ይወጣል፣ ከዚያም በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከአሮጌ ማሽን የተፈቱትን ወርቅማ ቡሎኖች ግን በአቼቶም አንነካቸውም፣ እሳት አጠገብም አናደርሳቸውም። አንዳንዶቹ የተለበጡት በካድሚየም ነው፤ ወርቅማ ከሆነው ዚንክ በዓይን አይለዩም፣ የካድሚየም ጭስ ደግሞ በትኩሳት ብቻ የሚያልፍ ሳይሆን ሳንባን ጎድቶ የሚገድል ነው። ከእነርሱ አንዳንዱ ሲመጣ መልካቸው ለአበባው ምንም ያህል ቢያምር ወደ ሻጩ ይመለሳል።

ግዢ የሚወጡት ባልደረቦቻችንም አሁን ምናለሽ ተራ ሲደርሱ የዛገውን ሮንዴላ ይጠይቃሉ። ነጋዴዎቹ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ኋላ ግን ከሚያብረቀርቀው ባነሰ ዋጋ በኪሎ እየመዘኑ ይሰጡን ጀመር።