ሁለቱም ቀዳዳ ሐይቁ ይገባል

የምሠራው ላስ ቬጋስ፣ አርቪ በሚያከራይ ድርጅት ግቢ ውስጥ ነው። አርቪ አልጋ፣ ማድቤት፣ ሻወርና ሽንት ቤት የተገጠመለት የመንገደኛ መኪና ነው። ሰዉ ከእኛ ይከራይና ዛየንን፣ ግራንድ ካንየንን፣ ብርዱ ሲገባ ደግሞ ዴዝ ቫሊን፣ ብሔራዊ ፓርኮቹን ዞሮ ይመለሳል። እኛ የተመለሰውን ጠርገን፣ አጥበን፣ ታንኮቹን ፈትሸን ለሚቀጥለው ተከራይ እናዘጋጃለን። ከሠራተኞቹ መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች ጥቂት አይደለንም።

ነገሩ የሆነው ጁላይ አራት፣ የአሜሪካ የነጻነት በዓል ባለፈ ማግስት ነው። ከበዓል በኋላ መኪናው ሁሉ የሚመለሰው በአንድ ጊዜ ነው። ሙቀቱ ከ43 ዲግሪ አልፏል። ፍሳሽ ማስወገጃችን ጋ መኪኖች ተሰልፈዋል። ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ወራት የሆነው አዲስ ተቀጣሪ ልጅ የእጣቢ ታንኩ ጢም ያለ አርቪ ይዞ ተራውን ይጠብቃል። ውሉ ተከራዩ አራግፎ እንዲመልስ ያዛል፤ ብዙው ሰው ግን ቸኩሎ እንዳለ ጥሎት ይሄዳል። ሥራው ላይ የቆየ አንድ ባልደረባችን በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «ይሄ እኮ የሳሙና ውሃ ነው፤ ምን ያስጠብቅሃል? እዚያ ጥግ ጋ ልቀቀው» አለው። ልጁም የተባለውን አደረገ። መኪናውን ግቢው ዳር ካለው የጎርፍ መውረጃ አጠገብ አቁሞ የእጣቢውን ቫልቭ ሳበ።

ቀድሞ የደረሰኝ ሽታው ነው። ሰው የሚፈራው የሽንት ቤቱን ታንክ ነው፤ በበጋ ሙቀት ለቀናት የተቀመጠ እጣቢ ግን አንዳንዴ ከእሱ ይብሳል። የሳሙና ውሃ ብቻ አይደለማ! ጥሬ ዶሮ የታጠበበት፣ የመጥበሻ ዘይት፣ የሩዝ ፍርፋሪ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ከሻወር የወረደ ጸጉርና እድፍ ሁሉ አየር በሌለበት ታንክ ውስጥ አብሮ ሲበሰብስ ነው የሰነበተው። ሮጬ ስደርስ አረፋ ያዘለ ግራጫ ውሃ አስፋልቱን ይዞ ወደ ብረቱ ፍርግርግ ይወርዳል። ላዩ ላይ ክብ ክብ የዘይት ጠብታ ይንሳፈፋል።

«ዝጋው! ቫልቩን ዝጋው!»

ዘጋው። «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ? ሽንት ቤቱን አልነካሁም፤ እጣቢውን ብቻ ነው የለቀቅኩት» አለኝ ደንግጦ።

መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበረም፤ ተረኛው አለቃችን የውሃ ጎማ ይዞ እየመጣ ነው። አስፋልቱን በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ሽታውን ሊያጠፋ ነው ያሰበው። ከመጀመሪያው ስህተት የሚብሰው ይሄኛው ነው። አስፋልት ላይ የቀረውን ቆሻሻ በንጹሕ ውሃ ገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ መክተት ነው። «ጎማውን ተወው፤ መጀመሪያ ቀዳዳውን እንድፈን» አልኩት፤ እሺ አለኝ። ከመጋዘን የጎማ ምንጣፍ አምጥተን ፍርግርጉ ላይ አነጠፍን፣ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት አጠርነው፣ የተኛው ውሃ ላይ ደግሞ ለድመት መጸዳጃ የሚሸጠውን እርጥበት መጣጭ ጠጠር በተንንበት። ከዚያ ፍሳሽ ማንሻ ቦቴ ተጠራ። ቦቴው አስፋልቱ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከፍርግርጉ ሥር ባለው ጉድጓድ የተጠራቀመውንም መጠጠው። ደግነቱ ዝናብ ስላልነበረና ቱቦው ደረቅ ስለነበር ውሃው ርቆ አልሄደም። አለቃችን ለሚመለከተው ቢሮ ራሱ ደውሎ አስታወቀ። ሊደብቀው ይችል ነበር፤ ስላልደበቀው አከብረዋለሁ።

ቦቴው እስኪጨርስ ከልጁ ጋር ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«እኛ ሰፈር እኮ እጣቢ ደጅ ነው የሚደፋው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

«የአቃቂን ወንዝ ታውቀዋለህ?» አልኩት።

«እሱንማ! ሽታውን ችሎ ማን ያልፈዋል?»

«እንዲያ ያደረገው ምን መሰለህ? ፋብሪካው አለበት፣ ሽንት ቤቱ አለበት፣ የየደጁም እጣቢ አለበት። ከታች ደግሞ በዚያው ውሃ ሰላጣና ጎመን ይለማል፤ ተመልሶ ገበያ ይወጣል፤ እኛው እንበላዋለን።»

ላስ ቬጋስ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከዚያም ይከብዳል። ከተማው በረሃ ላይ የተቆረቆረ ነው። በዓመት የሚያገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ1,000 በላይ ታገኛለች። ከምንጠጣው ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ የሚመጣ ነው፤ የሚቀዳውም ሁቨር ግድብ ካቆረው ከሌክ ሚድ ነው። ሐይቁ እየሸሸ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2022 ላይ፣ በ1930ዎቹ መሙላት ከጀመረበት ጊዜ ወዲህ ከሁሉ ዝቅ ያለው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ውሃው ድሮ የት ይደርስ እንደነበር ዙሪያውን ዐለቱ ላይ የቀረው ነጭ መስመር ያሳያል።

ለልጁ በጣት ያሳየሁት በግቢያችን ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች ነው። አንዱ የፍሳሽ ማስወገጃው ነው። ክዳን አለው፣ ዙሪያው ሲሚንቶ ነው፣ ወደ ከተማው የፍሳሽ መስመር ይገባል። ሌላው የጎርፍ መውረጃው ፍርግርግ ነው። የሁለቱም መጨረሻ አንድ ነው፤ ላስ ቬጋስ ዋሽ በሚባለው ወንዝ በኩል ሌክ ሚድ ይገባሉ። በመጀመሪያው መንገድ ላይ ግን ማጣሪያ ጣቢያ አለ፤ በሁለተኛው ላይ የለም። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከተማው ከየቤቱ የሚወጣውን ፍሳሽ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አጣርቶ ወደ ሐይቁ ይመልሳል፤ በመለሰው ልክም ተጨማሪ እንዲቀዳ ይፈቀድለታል። እዚህ ከተማ በትክክለኛው ቀዳዳ የገባ እጣቢ ባክኖ አይቀርም፤ ተመልሶ የምንጠጣው ውሃ ይሆናል። በፍርግርጉ የገባው ደግሞ ቱቦው ውስጥ ቆይቶ ዝናብ ሲመጣ ዘይቱንና ጀርሙን እንደያዘ ይጠረጋል። በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ሐይቁ ላይ አረንጓዴ አልጌ ያበቅላል።

«ታዲያ ይሄን ለምን ማንም አልነገረኝም?» አለኝ ልጁ።

ጥያቄው ልክ ነው። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ቫልቩ በየት በኩል እንደሚሳብ ያሳዩታል፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ግን ሥልጠናው ውስጥ የለም። ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ደግሞ ሲቸኩል የቅርቡን ቀዳዳ ይመርጣል። «እዚያ ልቀቀው» ያለው ባልደረባችንም ቢሆን ፍርግርጉ ወደ ማጣሪያው የሚሄድ ይመስለው እንደነበር ቆይቶ ነግሮኛል። አለቃችንን አነጋገርነውና አሁን አዲስ ሰው ሲቀጠር ቫልቭ ከመንካቱ በፊት ሁለቱን ቀዳዳዎች እንዲያይ ይደረጋል። የእኛን ልጆች በአማርኛ አስረዳለሁ። ፍርግርጎቹ ዙሪያ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ከቀይ መስመሩ ውስጥ መኪና አይቆምም።

ተከራዮችንም እንዲሁ ነው የማስረዳቸው። በቅርቡ አንድ የእኛው ሰው ቤተሰብ ዛየን ሊሄድ አርቪ ሊረከብ መጣ። እናትየው ሽሮ፣ በርበሬና ንጥር ቅቤ በዕቃ ሞልተው ይዘዋል።

«እናቴ፣ ድስቱን ከማጠብዎ በፊት በወረቀት ይጥረጉት። ቅቤው ቧንቧው ውስጥ ይረጋል» አልኳቸው።

«ቤቴም እንደዚያ ነው የማደርገው ልጄ። ወረቀቱንስ የት ልጣለው?»

«ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ።»

«እጣቢውንስ ዛፍ ሥር ባፈሰው ምን አለበት? ዛፉም ይጠጣል።»

ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ውሃ ማባከን የማይወድ ሰው ሐሳብ ነው። ግን በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ከመኪና የሚወጣ ፍሳሽ፣ እጣቢም ቢሆን፣ ለዚሁ ከተዘጋጀው ቦታ ውጪ ማፍሰስ ክልክል ነው። የምግብ ሽታ አውሬ ይጠራል፣ በረሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት ደግሞ ቶሎ አይጠፋም። ይሄን ስነግራቸው ወደ ልጃቸው ዞረው «ሰማህ አይደል?» አሉት።

ለልጃቸው ማራገፉን አሳየሁት። ጓንት ይደረጋል። ወፍራሙ ቱቦ ከመኪናውም ከማስወገጃው ቀዳዳም ጋር በደንብ ከተያያዘ በኋላ መጀመሪያ የሽንት ቤቱ ታንክ ይለቀቃል፣ ቀጥሎ እጣቢው፤ እጣቢው ቱቦውን እያጠበ ይወርዳል። ካምፕ ላይ ቱቦ ተገጥሞ ሲታደርም የሽንት ቤቱ ቫልቭ ዝግ መሆን አለበት። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይወርድና ወፍራሙ ታንኩ ውስጥ ይደርቃል፤ ያንን ማላቀቅ ደግሞ ለእኛ የቀን ሙሉ ሥራ ነው። ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ማራገፍ ይበቃል። ማስወገጃው አጠገብ ያለው የማጠቢያ ጎማ ውሃ አይጠጣም፤ የመጠጥ ውሃ ታንክ መሙያ ጎማ ሁልጊዜ ለብቻው ይቀመጣል።

ሽንት ቤቱ ውስጥ የሚጨመረውን የሽታ ማጥፊያ መድኃኒትም ይጠይቁኛል። ከከተማ የራቁ ካምፖች ብዙዎቹ ፍሳሻቸውን የሚያጣሩት መሬት ውስጥ በተቀበረ ታንክ ነው፤ እዚያ ቆሻሻውን የሚያብላላው ባክቴሪያ ነው። ፎርማልዴሃይድ ያለበት መድኃኒት ይሄን ባክቴሪያ ይገድለዋል። ጠርሙሱ ላይ ይሄ ስም ካለ አትግዙት። ኢንዛይም ያለበት መድኃኒት ሽታውን ያጠፋል፤ እኛ ጋ ቁልፍ ስትረከቡ ከመጋዘን በነጻ ይሰጣችኋል፣ ጠይቁ።