ጡረታዬን ያስቀረችው «ሀ»

60 ዓመት ሞላኝ። ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ሽኝት ተደረገልኝ፣ ጋቢ ለበስኩ። እስከዚህ ሰላም ነበር።

በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የአባቴ ስም «ኃይሉ» ነው። በመታወቂያዬ ደግሞ «ሀይሉ»። ማኅደሬን የያዘችው ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነካ ነካ አደረገቻቸው።

«አባቴ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው።»

«ልጄ፣ ሲጠራ እኮ ያው ነው!»

«ሲስተሙ አይቀበልም።»

ከደመወዜ በየወሩ 7 በመቶ ሲቆረጥ ግን የትኛው «ሀ» እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። ቀበሌ ሄድኩ። ቀበሌ ወደ መሥሪያ ቤቴ መለሰኝ። ደብዳቤው ሲጻፍ ማኅተም ያዡ የለም። ማኅተሙ ሲገኝ ፈራሚው መስክ ወጥቷል። ሦስት ወር በባጃጅ ተመላለስኩ። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ የራሴ ነገር ነው፤ ስንት ዓመት የሰው ሂሳብ ሳስታርቅ የራሴን ማኅደር አንድ ቀን ከፍቼ አላየሁም። «ስትወጡ ይስተካከላል» ቢሏችሁ አትስሙ። ሁለት ዓመት ሲቀራችሁ፣ ገና ወንበሩ ላይ እያላችሁ፣ ስማችሁን ፊደል በፊደል አስተያዩት። የልደት ዘመናችሁንም፤ የሚያዘው መጀመሪያ ስትቀጠሩ የሞላችሁት ነው።

ሌላም ምክር ነበር፦ «ጡረተኛ ሥራ ይፍጠር»። እኔም የጓሮዬን ቡና ቆርጬ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ልሠራ ከግንበኛ ጋር ተነጋግሬ ነበር። ብሩ በ«ሀ» ተያዘና ቡናው ሳይቆረጥ ጥቅምት ደረሰ።

ጅማ ተወልጄ፣ በሕይወቴ ቡና ለቅሜ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ በቀን ሠራተኛ ነበር፤ እሱም ቶሎ ለመጨረስ አረንጓዴውንም ቀዩንም ከቅርንጫፉ ይመሸልቀዋል። ቡና ደግሞ እኩል አይቀላም። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴው ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ቀዩን ብቻ በጣቴ ጠምዘዝ አድርጌ አወጣለሁ። የቀረውን በሳምንቱ እመለስበታለሁ። ከሰዓት በሽቦ አልጋው ላይ ያሰጣሁትን አገላብጣለሁ። ባለቤቴ ትስቃለች፦ «አንተም እንደ መዝገብ ቤት አንድ በአንድ ማጣራት ጀመርክ!» ቁርስ ላይ ቁጭ ብለን ሦስቱንም ስኒ የጨረስነው ያን ጊዜ ነው። ድሮ አቦሉን ቆሜ ጠጥቼ እወጣ ነበር።

ለልጅቷ ምስጋና የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። አሁንም ሳስታውሳት ይነደኛል።

ውዝፉ ኅዳር ላይ ገባ። ባለቤቴ «ግንበኛውን ልጥራው?» አለችኝ።

«መጀመሪያ ይሄ ይድረቅ» አልኳት።

ሁለት ዓመት ሆነው። ግንበኛው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ሰጥቶኝ ያልፋል።