ጾመኛ ሮከሮች

ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ ሽሮዬን እየበላሁ የእህቴ ልጅ ስፒከሩን ለቀቀው። የሻይ ብርጭቆው ከነማንኪያው ተንቀጠቀጠ። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምነው፣ ሰው ተጣላ እንዴ?»

ኧርዝ ክራይሲስ የሚባል የሮክ ባንድ ነው፤ የኒውዮርኳ ሲራኪዩስ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት የመጀመሪያ ሥራቸው ነው፣ «ኦል አውት ዋር»። ሃርድኮር ፓንክ በሚሉት ፈጣንና ጯኺ ሮክ ቁጣ ላይ የሄቪ ሜታል ሮክን ከባድ ጊታር ጭነውበታል። ሲጋልብ ይቆይና ድንገት ዝግ ብሎ እንደ ወፍጮ ይፈጫል። እዚያች ጋ እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ፣ አልዋሽም።

የገረመኝ ግን አቋማቸው ነው። መጠጥ የለ፣ ሲጋራ የለ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልም እርም፤ ያውም ዓመቱን ሙሉ! ለእማዬ ስነግራት ፊቷ ፈታ አለ።

«ታዲያ እንዲህ የሚጮኹት በየትኛው ጉልበታቸው ነው?» ብላ ሽሮ ጨመረችልኝ።