«አማረብሽ» ሲሉኝ ታምሜ ነበር

በ2014 ዓ.ም. የመፃጉዕ እሑድ፣ በምኖርበት በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ እንዳለቀ ሦስት ሴቶች ከበው ሳሙኝ። አንዷ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ ወገቤን እያየች «እሰይ፣ አማረብሽ፤ ምን አድርገሽ ነው?» ስትለኝ፣ ሌላዋ ጾሙ እንደተስማማኝ ተናገረች። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የእግሮቼ ጣቶች መሬት ሲነኩ አይሰማኝም ነበር። ምንጣፉ ጥጥ የተነጠፈበት ይመስለኛል፤ የማነጋግራቸው ሰዎች ፊት ሁለት ሁለት ይሆንብኛል። ደረጃውን ስንወርድ ባለቤቴ ክንዴን ባይዘኝ ኖሮ በግንባሬ እደፋ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው የዚያ ሕመምተኛ ታሪክ በተነበበበት ቀን፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የሄድኩት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ከዚያ በፊት፣ ጥምቀት በዋለ በማግስቱ፣ ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አድርጌ ነበር። 118 ኪሎ እመዝን ነበር፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ63 ነው። ስኳር በሽታ ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት፣ ኢንሱሊን መወጋት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ሌሊት ትንፋሼ ስለሚቋረጥም አየር የሚገፋ መሣሪያ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ነበር የምተኛው። የተሠራልኝ ስሊቭ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣና የቀረው እንደ ሙዝ የቀጠነ ቱቦ ይሆናል። ተቆርጦ በሚወጣው ክፍል ውስጥ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን በብዛት ስለሚመነጭ፣ ሰው በጥቂት ምግብ ከመጥገቡ በተጨማሪ የረሃብ ስሜቱ ራሱ ይዳከማል። ይህ የቀዶ ሕክምናው ትልቁ ጥቅም ነው። እኔ ላይ ግን እየተራብኩ መራቤን እንዳላውቅ ያደረገኝም ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፈሳሽ ብቻ ስወስድ ደህና ነበርኩ። ችግሩ የጀመረው በሦስተኛው ሳምንት ለስላሳ ምግብ ስሞክር ነው። የላላ ሽሮ ሦስት ማንኪያ እንደቀመስኩ ደረቴ ሥር አንድ ነገር ይቆማል፣ አፌ በምራቅ ይሞላል፣ ከዚያ ሽሮው እንደገባ ተመልሶ ይወጣል። በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ እሆን ነበር። ወደተሠራሁበት ክሊኒክ ስደውል ስልኩን ያነሳችው ሴት በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስመለስ የሚያጋጥም መሆኑን ነግራኝ ቀስ ብዬ እንድበላ መከረችኝ፤ በሳምንቱ ደግሜ ደውዬ መልእክት ተውኩ፣ የመለሰልኝ ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ተነሥቼ ክሊኒኩ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ያልሄድኩበት ምክንያት ዛሬም ያሳዝነኛል፤ ሚዛኑ እየወረደ ስለነበር ደስ ብሎኝ ነበር። ማስመለሴን የሕክምናው አካል አድርጌ ቆጠርኩት። በስምንት ሳምንት 24 ኪሎ ስቀንስ፣ ከባለቤቴ በቀር ቀዶ ሕክምና ማድረጌን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ «ይህ መክሳት ነው ወይስ መታመም?» ብሎ ሊጠይቀኝ የሚችል አልነበረም። ጾሙ ደግሞ የባሰ ሸፈነኝ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የሆነውን አልረሳውም። ነርሷ ውሃ አጥሮኛል ብላ የግሉኮስ ከረጢት ሰቅላ ቱቦውን ክንዴ ላይ ልታገናኝ ስትል፣ አንድ በዕድሜ የገፉ ሐኪም ገቡና እጃቸውን ቱቦው ላይ አድርገው አስቆሟት። ጣታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያንቀሳቀሱ በዓይኔ እንድከተለው አዘዙኝ፤ ዓይኔ እየተንቀጠቀጠ መሀል ላይ ይቀር ነበር። «መጀመሪያ ታያሚን» አሉ። ታያሚን ቫይታሚን ቢ1 ነው። ሰውነታችን የሚያከማቸው በጣም ጥቂቱን ስለሆነ፣ ምግብ ሆድ ውስጥ ካልረጋ በሁለት ሦስት ሳምንት ተሟጥጦ ሊያልቅ ይችላል። አንጎልና ነርቭ ስኳርን ወደ ኃይል የሚለውጡት በእርሱ በመሆኑ፣ ታያሚን ባለቀበት ሰውነት ውስጥ ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ የቀረችውን ጥቂት ጨርሶ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ወርኒኬ የሚባለው የአንጎል ጉዳት እየጀመረኝ ነበር። ቫይታሚኖች የተቀላቀሉበት ቢጫ ፈሳሽ በክንዴ ሲገባልኝ ካደረ በኋላ፣ በሁለተኛው ቀን የባለቤቴ ፊት አንድ ሆኖ ታየኝ።

የማስመለሱ መንስኤ ደግሞ በማግስቱ ታወቀ። ቱቦ የሆነው ጨጓራዬ መሀሉ ላይ፣ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ጠቦ ነበር። ይህ ከስሊቭ በኋላ የሚያጋጥም የታወቀ ችግር ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በአፍ በሚገባ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ)፣ በጠበበው ቦታ ላይ ፊኛ ነፍቶ በማስፋት ይታከማል። እኔም በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ተደርጎልኝ መንገዱ ተከፈተ።

ሰዎች የሚጠይቁኝ ስለ ሕክምናው ነው፤ እኔን የከበደኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሆስፒታል ስወጣ በከዘራ ነበር የምሄደው። በራሴ ገንዘብና በራሴ ፈቃድ ገላዬን አስቆርጬ እግሬን ያጣሁ መስሎ ተሰማኝ። ነገሩን ሲሰሙ «ምን ቸገረሽ፣ ዝም ብለሽ በስፖርት አትቀንሺም ነበር?» ያሉኝም አልጠፉም። ለአንድ ወር ያህል ጠዋት ከአልጋዬ የምነሣበት ምክንያት አልታየኝም። ሚዛን ላይ መውጣት ፈራሁ፤ ቁጥሩ ሲወርድ እየሞትኩ ይመስለኛል፣ ሲቆም ደግሞ ሁሉም ነገር በከንቱ የሆነ ይመስለኛል።

ከዚህ ያወጣኝ አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ በስልክ ያለችኝ ነገር ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ናትና «አንቺ የምትቆጥሪው የተሳሳተውን ሒሳብ ነው፤ የወጣውን ትቆጥሪያለሽ፣ የገባውን ግን አትጽፊም» አለችኝ። ያን ዕለት ባለቤቴ ሚዛኑን ከመታጠቢያ ቤቱ አውጥቶ መኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ደበቀልኝ፤ እኔም አንድ የልጆች ደብተር ወስጄ በየገጹ አራት መስመር አሰመርኩ፦ ፕሮቲን፣ ውሃ፣ ኪኒን፣ እግር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ፕሮቲን 22 ግራም፣ ውሃ 5 ሲኒ፣ ኪኒን ሁሉም፣ እግር እስከ ፖስታ ሣጥኑ» ይላል። ግቤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲንና አንድ ሊትር ተኩል ፈሳሽ ስለነበር ከግማሽ በታች ነበርኩ፤ ነገር ግን በማግስቱ 25 ማድረግ እችል ነበር። ተስፋ የሚባለው ነገር ለእኔ የተመለሰው በዚህች የሦስት ግራም ልዩነት ነው። ኪሎ እኔ የማዝበት ነገር አይደለም፤ ዛሬ አንድ እንቁላል መጨመር ግን በእጄ ነበር።

የዚያን ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 16 ዋለ። የባለቤቴ አክስት ቤት ተጠራን። የጠበበው ቦታ በፊኛ የሰፋልኝ ገና አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ሥጋ ገና አልተፈቀደልኝም። አክስታችን ዶሮውን አውጥተው፣ እንጀራውን በወፍራሙ ጠቅልለው «በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እያሉ ጉርሻ ይዘው ቆሙ። እጃቸው አፌ ሥር ነው። ጉርሻን እንዴት አድርጎ እምቢ ይባላል? እስከዚያ ቀን የደበቅኩትን ያን ጊዜ ተናገርኩ፤ «እማማ፣ ጨጓራዬን ተሠርቻለሁ፤ ይህ ቢገባ ያንቀኛል» አልኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። አክስታችን ጉርሻውን ራሳቸው ጎረሱትና፣ ከወጡ አንድ እንቁላል አውጥተው፣ በትንሽ ሳህን ላይ ስምንት ቦታ ቆራርጠው፣ ከሻይ ማንኪያ ጋር ፊቴ አኖሩልኝ። «በይ እንግዲህ፣ እስከ ማታ ጊዜ አለን» አሉኝ። አንዷን ቁራጭ ሃያ ጊዜ ያህል እያኘክሁ፣ በየመሀሉ እያረፍኩ፣ ስምንቱንም በአርባ ደቂቃ ጨረስኳቸው። ምንም አልተመለሰም። ማታ ደብተሬ ላይ «እንቁላል 1፣ 6 ግራም» ብዬ ስጽፍ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ምስጢሬን ማውጣቴ ራሱ ሕክምና ሆነልኝ። ማኅበር ቤት ስሄድ ትንሽ ሳህን ይሰጡኛል፤ ቶሎ ካልጨረስኩ የሚቆጣኝ የለም።

አበላሌን ከገበታችን ጋር ለማስማማት ጊዜ ወስዶብኛል። እንጀራ ለስላሳ ቢመስልም ሲታኘክ ተመልሶ ይጣበቃል፣ ቦታም ይይዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ወጡን በማንኪያ እበላለሁ፣ ምስሩን፣ ዓይቡን፣ ዓሣውን፤ እንጀራ የምቀምሰው ቦታ ከተረፈ ነው። ውሃ ከምግብ ጋር አልጠጣም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል እቆያለሁ። አንድ ቀን የረሳሁ እንደሆነ ደረቴ ወዲያው ያስታውሰኛል። የኪኒኖቹ ሰዓት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነበር። ብረትና ካልሲየም አብረው ሲወሰዱ እርስ በርሳቸው ስለሚሻሙ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሊለያዩ ይገባል፤ ካልሲየምም ብዙው በአንድ ጊዜ ሲዋጥ በሚገባ ስለማይዋሃድ ተከፋፍሎ ይወሰዳል። ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያደናቅፋሉ። ስለዚህ ብረቴን ወደ መኝታ ሰዓት አዛወርኩትና የከሰዓቱ ቡና ሰላም አገኘ። ቢ12 ምላሴ ሥር የማሟሟት ሲሆን፣ ቢ1 ግን እስከ ዕድሜ ልኬ ቢሆን የማልዘልለው ነው።

በቀጣዩ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ለንስሐ አባቴ ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። እንቁላልና ወተት እንዳላቋርጥ ነገሩኝ፤ ጾሜን ደግሞ በስግደት ምትክ በጸሎትና በምጽዋት እንዳደርገው አዘዙኝ። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ተሠርተው 55 ቀን በሻይና በዳቦ የሚያልፉ እኅቶችን ስለማውቅ ነው። ምስር፣ ሽንብራና ሽሮ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን በእኛ ትንሽ ጨጓራ በምስር ብቻ 60 ግራም መሙላት በጣም ከባድ ነው። እባካችሁ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ።

በአምስተኛው ወር ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ። ሹሩባዬን የምትሠራኝ ልጅ ማበጠሪያውን ስታወጣ እፍኝ የሚሞላ ፀጉር ይዞ መጣ፤ እርሷም ደንግጣ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ይህ በፍጥነት ከመክሳት በኋላ የሚመጣና የሚመለስ መሆኑን ስለማውቅ እኔ ነበርኩ ያጽናናኋት። በዓመቱ ተመልሷል።

ያልጠበቅኩት የኪሎው መመለስ ነው። ወደ 71 ወርጄ ሳለ እናቴ አረፈች፤ ከለቅሶው በኋላ በነበሩት ወራት ሰባት ኪሎ ጨመርኩ። ደብተሩን መልሼ ስከፍተው ምክንያቱን አገኘሁት። መንገዱ ጠቦ በነበረባቸው ወራት ሌላው ምግብ ሲያንቀኝ፣ ብስኩት በሻይ የተነከረ ግን በቀላሉ ያልፍልኝ ነበር። መጥበቡ ከታከመ በኋላም ልማዱ ቀረ፤ ሐዘን ሲመጣ እጄ የሄደው ወደ ብስኩቱ ነው። ራሴን መስደቤን ትቼ አንድ ነገር ብቻ ለወጥኩ፤ ከብስኩቱ በፊት አንድ ኩባያ እርጎ እበላለሁ። ብዙውን ቀን ብስኩቱ ሳይነካ ይቀራል። ዛሬ 75 ኪሎ ነኝ፤ ሚዛን ላይ የምወጣው በወር አንዴ ነው። ኢንሱሊን አቁሜያለሁ፣ የሌሊቱንም መሣሪያ ሐኪሜ አንሥተውልኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ በስላይጎ ክሪክ ወንዝ ዳር ባለው መንገድ ከባለቤቴ ጋር አምስት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፤ ከዘራው መኪናው ውስጥ ከሚዛኑ ጎን ተኝቷል።

ወደ ቱርክ ወይም ወደ ሕንድ ሄዳችሁ ተሠርታችሁ ለምትመለሱ፣ ከዓረብ አገር ተሠርታችሁ ወደ አገር ቤት ለምትገቡም አንድ ልመና አለኝ። ምን እንደተሠራላችሁ በዝርዝር የተጻፈበትን ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ፤ በምትኖሩበት ከተማ የሚከታተላችሁን ሐኪምም ከመሄዳችሁ በፊት ፈልጉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልባችሁ ያለ ምክንያት በፍጥነት ከመታ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ሆዳችሁን ወይም የግራ ትከሻችሁን ካመማችሁ፣ የተሰፋው ቦታ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ተነሡ። ለቀናት ካስመለሳችሁ፣ እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ዓይናችሁ ሁለት ሁለት ካየ፣ ድንገተኛ ክፍል ገብታችሁ «ጨጓራዬን ተሠርቻለሁ፤ ታያሚን አይተውልኛል?» ብላችሁ በቃላችሁ ጠይቁ። ስልክ የማይመልስ ካጋጠማችሁ በር አንኳኩ። እኔ ስድስት ሳምንት ጠብቄያለሁ።

የፊታችን ማክሰኞ የዓመቱ የደም ምርመራዬ ነው። ብረት፣ ቢ12፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየምና ታያሚን ይታያሉ። በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ለሐኪሜ የማቀርበውን ጥያቄ ጽፌያለሁ፤ የግራ እግሬ ሁለት ትንንሽ ጣቶች እስካሁን ደንዝዘዋል፣ ሰሞኑን ግን ሌሊት ሌሊት እንደ ጉንዳን ይወሩኛል፤ ይህ ነርቩ እየተመለሰ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው?